በአዲሱ ሲስተም የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

«እሷን ‹በቤታቸው ያደገች› ይበሏት፤ እሱም ቦታ ካለ ነው» አለ አልአዛር፣ በእጁ የጻፈውን ሁለት ገጽ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። አባቱ አቶ ተረፈ ትናንት ጠዋት አርፈዋል፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራሉ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ከሸዋ ቤንች ዘመድ በሚኒባስ እየገባ ነው፣ የቀረው ቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብቻ ነው። የጽሕፈት ሱቁ ባለቤት ማናልሞሽ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አየችው። «አቶ ተረፈ በሕይወት ዘመናቸው አምስት ልጆችን አፍርተዋል» ይልና አምስት ስም ይደረድራል፤ አልአዛር አናት ላይ ነው። ማራናታ የለችም። ማራናታ ሽማግሌውን ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ደግፋ ፀሐይ ያስሞቀች፣ አሁንም በዚህች ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ለለቀስተኛ ውሃ የምታዞር የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ጥፋቷ አቶ ተረፈ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ሳሉ ከሌላ ሴት መወለዷ ነው። ስሟንም ያወጡላት ጉባኤው ፊት ቆመው ንስሐ የገቡ ዕለት ነበር። ጉባኤው ይቅር ብሏቸዋል፣ ሚስታቸውም ከዓመታት በኋላ ይቅር ብለዋቸው ነው የሞቱት፤ አልአዛር ግን ገና እያሰበበት ነው።

ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ቡና ይነግዳል፣ አሥራቱን አያጓድልም፣ ሰው ሲታመም መኪናውን ይሰጣል። ነገር ግን በአማን ከተማ ቀብር ላይ የተነበበ ስም ማኅተም ካረፈበት ወረቀት አያንስም፤ አገር ሙሉ በጆሮው ይሰማዋል፣ ነገ ውርስ ሲነሳም «እኛም ሰምተናል» የሚል ምስክር አይጠፋም። የአባትን የቡና ማሳ ለአምስት መካፈልና ለስድስት መካፈል ደግሞ ለቡና ነጋዴ አንድ አይደለም። «እስከ ሰባት ሰዓት ይድረስልኝ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ። ማናልሞሽ ወረቀቱን ኮምፒውተሩ አጠገብ አስደገፈችው። ሃያ ሁለት ዓመት ከጽሕፈት መኪና እስከ ኮምፒውተር የሰው ጽሑፍ ስትጽፍ የኖረችው ደንበኛ ያለውን በመጻፍ ነው፤ የፍቺ ማመልከቻውንም የሠርግ ጥሪውንም እኩል ትጽፋለች። የዛሬው ግን አልዋጥላት አለ።

አልዋጥ ያላት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አቶ ተረፈ ራሳቸው በከዘራ እየተደገፉ መጥተው፣ ይኸው ደንበኛ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አረፍ ብለው፣ የገዛ የሕይወት ታሪካቸውን አስጽፈው ነበር። «ስሞት አትሚውና ለሚያነበው ሰው ስጪ። ለልጆቼ አትስጪ» ብለው የሕትመቱን ሠላሳ ብር በቅድሚያ ከፈሉ። ምን እንዳስጻፉ ብትጠየቅ አታስታውስም፤ የሰው ጽሑፍ በጣቶቿ ያልፋል እንጂ ከእሷ ጋር አያድርም። አንድ ነገር ግን ከዓይኗ አልጠፋም። ልጆቻቸውን ሲቆጥሩ የግራ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፉ፣ አምስቱ አለቁ፣ ከዚያ ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ይዘው ትንሽ ቆዩ። ያኔ ምን ብለው ይሆን? ስድስተኛ ስም ጠርተው ነበር ወይስ ዝም አሉ? ከራሷ ብትጨምርበት የሰው ቤት ማፍረስ ነው። ፋይሉ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ከፍታ ታየዋለች፣ አለቀ።

ኮምፒውተሩን ከፈተችው። የልጃቸው የሳባ የምርቃት ፎቶ ይመጣበት በነበረው ስክሪን ላይ ጥቁር ነገር መጣ፤ በጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። ማናልሞሽ ጮኸች። ባሏ ዓባይነህ ከጓዳ ብቅ አለ፣ ከቁርስ ጀምሮ ይቺን ጩኸት ሲጠብቅ እንደቆየ ፊቱ ይናገራል። ዓባይነህ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ደግሞ ወይ ንብ ያረባል ወይ የሚስቱን ሥራ ያርማል። ንብ ይነድፈዋል። ስለዚህ ትናንት እሷ ለቅሶ ቤት ውላ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዊንዶውሱን ጠራርጎ አውጥቶ ሌላ ሲስተም ጭኖበታል።

«ሊኑክስ ይባላል» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ከሊኑክስም ተንከባላዩን ነው የመረጥኩት። አንደኛ እትም፣ ሁለተኛ እትም የሚባል ነገር የለውም፤ በየቀኑ ራሱን ያድሳል። አንዴ ከታደሰ ወደ ኋላ አይመለስም።»

«ተንከባላይ» የሚለውን የተረጎመው ራሱ ነው፤ ኮርቶበታልም። ምክንያቱን ሲጠየቅ ደግሞ ሥነ ምግባር አነሳ። ዊንዶውሱ ያልተገዛ፣ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሽ የተገለበጠ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ «ፈቃድ አስገቡ» እያለ ሲለምን ኖሯል። «አሥራ አንድ ዓመት በተሰረቀ ዕቃ ነው እንጀራ የበላነው፣ ማናል» አለ። ከተማሪ የተዋሰውን እስክሪብቶ ለመመለስ ከሚዛን እስከ አማን በእግሩ የመጣ ሰው ስለሆነ ቀልዱን አይደለም። አዲሱ ግን ንጹሕ ነው፤ ዓለም በነፃ የሰጠው ነው። ፋይሎቿም አንድ አልጎደሉም፣ ሁሉንም አስቀምጦ መልሶላታል። ማናልሞሽ ቁጣዋን ለማታ አቆይታ «ተረፈ የሕይወት ታሪክ» የሚለውን ፋይል ፈልጋ ከፈተችው።

ፋይሉ ተከፈተ። ውስጡ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የዶላር ምልክት፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት፣ ባርኔጣ የደፉ የፈረንጅ ሆሄያት፣ እንደገና የዶላር ምልክት፤ ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። ሌላ ፋይል ከፈተች፤ ያው ነው። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ማመልከቻ፣ የአማን ሙታን ሁሉ ዶላር ሆነዋል። ዓባይነህ መነጽሩን እያጸዳ ምክንያቱን ነገራት። ድሮ የምትጽፍበት የግዕዝ ፊደል በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ምልክት ነው፣ ምልክቱን አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ያ ፊደል ነው። «ታዲያ ፊደሉን መልሰዋ!» አለች። ዓባይነህ ጣሪያውን አየ። «ፊደሉም እኮ የተሰረቀ ነበር» አለ።

ከኢንተርኔት እንዳያወርደው፣ ተንከባላዩ ሲስተም ከንጋቱ ጀምሮ ራሱን ሲያድስ የወሩን ጥቅል ጨርሶታል፤ ካርድ ገዝቶ ቢሞላም ኔትወርኩ ከዝናቡ ጋር ሄዷል። ከመንገዱ ማዶ የበዛብህ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ግን በዛብህ የአልአዛር ሚስት ወንድም ነው፣ ፋይሉን ለእሱ ማሳየት ለአልአዛር ማሳየት ነው። ማናልሞሽ ያኔ የወንበሩን፣ የከዘራውንና የአቶ ተረፈን የቀኝ እጅ አውራ ጣት ነገር ለባሏ ነገረችው። ነግራውም አላበቃች፤ «የሞተ ሰው አደራ ነው ያጠፋህብኝ! ለጨዋታህ ብለህ!» አለችና እንባዋ መጣ። ዓባይነህ ጥፋት ማመን ለምዶ አያውቅም። ሰሌዳ ላይ ተሳስቶ ተማሪ ሲያርመው «ልፈትናችሁ ነው» ይል ነበር፤ በዚህ ዓይነት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳይሳሳት ጡረታ ወጥቷል። አሁንም አፉን ከፈተ፣ ግን መነጽሩን አውልቆ እንደገና ያጸዳ ጀመር።  ውጭ አንድ ሰውዬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ፊታቸውን አይቶ ተመለሰ።

መላውን ያመጣው ግድግዳው ነው። ሱቋ የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ «ጽሑፍ በገጽ 30፣ ኮፒ 5፣ ላሚኔሽን 50» ከሚለው ሥር የአቶ ይሄይስ የሕይወት ታሪክ በላስቲክ ተለብዶ ተሰቅሏል። ናሙና ነው። አቶ ይሄይስ ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሕይወት ሳሉ ማንም አያውቃቸውም ነበር፣ አሁን በዚህ ናሙና ከተማው በሙሉ ያውቃቸዋል። ማናልሞሽ የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው የቀደመውን ሟች ፋይል ከፍታ ስሙን በመቀየር ነው። ስለዚህ አማን ውስጥ የሞተ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሕይወት ነው የኖረው፤ ሁሉም ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ፣ ሁሉም ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ሁሉም በጸበል ወይ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። አንዴ አንድ መስመር መቀየር ረስታ ከቱም ገጠር የመጡ ገበሬ ቀብራቸው ላይ የአየር ኃይል መካኒክ ሆነዋል። ቤተሰቡ ደስ ብሎት ነው የሄደው። የአልአዛር ወረቀት ራሱ ከማን ታሪክ እንደተገለበጠ ታውቀዋለች፤ የአጎቱን እሷ ናት የጻፈችው።

«የአቶ ይሄይስ ፋይል አለ አይደል?» አለች ድንገት። «ያው ዶላር ነው። ግን ዶላሩ ምን እንደሚል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»

ዓባይነህ ዘሎ ተነሳ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ተማሪ አላቀረበለትም። መጀመሪያ ማተሚያውን ከአዲሱ ሲስተም ጋር ለማስማማት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ በሆዱ ሲራገም ቆይቶ በመጨረሻ ማተሚያው አጓርቶ የአቶ ይሄይስንና የአቶ ተረፈን ዶላሮች ተፋ። ከዚያ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ናሙናውን ከግድግዳው አውርደው እሷ ፊደሉን ትጠራለች፣ እሱ ምልክቱን ከሥሩ ፈልጎ በእርሳስ ይመዘግባል። የዶላር ምልክት «ተ» ሆነች። ባርኔጣ የደፋችው «ረ» ሆነች። እንዲህ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ ሁለቱም አላሰቡትም፤ ጉልበቱ ጉልበቷን ሲነካ ግን አልሸሸችም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአቶ ተረፈ ወረቀት ላይ ልጆቹ ያሉበት መስመር ደረሱ። ስሞቹን የሚለየውን ነጠላ ሰረዝ ያውቁታል፤ ዓባይነህ በእርሳሱ ጫፍ ቆጠረው። አምስት ሰረዝ ነው። አምስት ሰረዝ ስድስት ስም ይለያል። የመጨረሻውን ስም በየምልክቱ አናት ላይ ጻፈው። ማ። ራ። ሦስተኛዋን ማናልሞሽ ናሙናው ላይ በጣቷ እየተከተለች ፈልጋ አገኘቻት። ና። ታ።

«ጠርተዋታል» አለች። ዓባይነህም «ጠርተዋታል» አለ። የቀረው ቀላል ነበር፤ ጽሑፉ ከልጆቹ መስመር በቀር ከአልአዛር ወረቀት ጋር አንድ ነው፣ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ከአንድ ናሙና ነው የቀዱት። ዓባይነህ በአዲሱ ሲስተም፣ በአዲሱ ፊደል፣ በሁለት ጣቱ ጻፈው። ሰባት ሰዓት ላይ አልአዛር ልጅ ሲልክ ማናልሞሽ «ማተሚያው አስቸግሮናል፣ ቀብሩ ላይ ራሴ አመጣዋለሁ» ብላ መለሰችው። ማተሚያው እንዳስቸገረ እውነት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ አባርቶ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ሆኖ ነበር። ማናልሞሽ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ለቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ በእጁ ሰጠችው። ጸሐፊው ጥሩ ድምፅ አለው። አቶ ተረፈ ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ፤ ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፤ ሕዝቡ አሁንም ነቀነቀ። «ስድስት ልጆችን አፍርተዋል» ሲል አልአዛር ቀና አለ። ጸሐፊው ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራና «ማራናታ ተረፈ» ብሎ ዘጋ። ከጃንጥላዎቹ ሥር ጉርምርምታ ተነሳ፤ አንዲት አሮጊት «እሰይ» አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ማራናታ ከሰዉ ሁሉ ኋላ የውሃ ጀሪካን ይዛ ቆማ ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጠችና እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ማናልሞሽ እዚያው አለቀሰች፤ ሰዉ ለአቶ ተረፈ መስሎት አጽናናት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አልአዛር ወረቀቱን ጨብጦ ሱቁ ደረሰ። ጭቃውን እንኳን አላራገፈም። «እትዬ፣ እኔ የሰጠሁዎት አምስት ነው። ስድስተኛውን ማነው የጨመረው?» አለ። ማናልሞሽ «አባትህ» ልትለው ነበር፤ የሚከተለውን ግን ታውቃለች። ማስረጃ አምጪ ይላታል፣ ማስረጃው ደግሞ የዶላር ምልክትና የባሏ እርሳስ ነው፤ ሰምቶ ሲያበቃ ፈጥራ ያስገባችው እሷ ትሆናለች፣ የማራናታም ስም ይሰረዛል። እሷ ከመናገሯ በፊት ዓባይነህ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ትናንት ሲስተም ቀይሬ ነበር። አዲሱ ሲስተም ነው ያበላሸው። ተሳስቻለሁ።»

አልአዛር የጨበጠውን ወረቀት ዝቅ አደረገ። አሥራ አንደኛ ክፍል የዓባይነህ ተማሪ ነበር፤ መምህሩ የስበትን ቀመር ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ሲጽፍ እጁን አውጥቶ ያረመውና «ልፈትናችሁ ነው» የተባለው እሱ ራሱ ነው። «ቲቸር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተም እንዴት አድርጎ ሰው ይጨምራል?»

«ራሱን ያድሳል። የጎደለ መስሎ የታየውን ይሞላል። መጥፎ ሲስተም ነው» አለ ዓባይነህ። «መጥፎ» የምትለዋን ቃል ሲናገር ፊቱ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ሆነ።

«በሉ አስተካክሉትና ለእሁዱ ጸሎት ይነበባል።»

«አገር ሰምቶታል እኮ፣ አልአዛር» አለች ማናልሞሽ። «አንዴ ከታደሰ ወደ ኋላ አይመለስም።»

አልአዛር አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ማዶ የበዛብህ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ታየ። እስከ ነገ ጠዋት የቲቸር ዓባይነህ ኮምፒውተር ልጅ ይወልዳል የሚል ወሬ አማንን አልፎ ሚዛን ይደርሳል። ዓባይነህ ስክሪኑን ለብዙ ጊዜ በስስት አየው። ማናልሞሽ ለማታ ያቆየችውን ቁጣ ፈለገችው፣ አላገኘችውም፤ እጁን ብቻ ያዝ አደረገችው።

ማራናታ በረንዳው ላይ እንደቆመች ያዩዋት ያኔ ነው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። የተነበበውን ወረቀት ቅጂ ልትጠይቅ መጥታ አልአዛርን አይታ ጥግ ይዛ ነበር፤ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። «እትዬ» አለች፣ «እውነት ሲስተሙ ነው እንዴ ያስገባኝ?»  ማናልሞሽ ውሸቱ ማንን እንደወጋ የገባት አሁን ነው። ልጅቷን ጎትታ የፕላስቲኩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ አባቷ የተቀመጡበት ወንበር መሆኑን፣ በከዘራ መጥተው በአፋቸው እንዳስጻፉ፣ የግራ እጃቸው ጣቶች ሲያልቁ ቀኛቸውን እንዳነሱ ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ ጠዋት የታተመውን የዶላር ወረቀት ዘርግታ ከታች ያለውን መስመር በጣቷ አሳየቻት። «ይኸው። ቀኑም አለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ይህቺ አንቺ ነሽ።» ባርኔጣ በደፉት የፈረንጅ ሆሄያት አናት ላይ በዓባይነህ እርሳስ አራት ትንንሽ ፊደሎች ተጽፈዋል። ማራናታ በጣቷ ነካካቻቸው። ዓባይነህ ንጹሑን ቅጂ አትሞ ሊሰጣት ሲል እጇን አልዘረጋችም።

«ይሄኛውን ልውሰድ?» አለች ዶላሩን ይዛ።

«ማንም አያነብልሽም እኮ፣ ልጄ።»

«አባዬ ያለው ግን ይሄ ነው።»

ዓባይነህ ወረቀቱን ተቀብሎ የላሚኔሽን ማሽኑን አበራ፣ እስኪግል ጠበቀ፣ ጠርዙን አስተካክሎ አስገባው። ሲወጣ ገና ትኩስ ነበር። ማራናታ ከነትኩሳቱ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችውና በሌላው እጇ ከጡቷ ሥር የቋጠረችውን ብር ትፈታ ጀመር። «ስንት ነው፣ እትዬ?»

«ተከፍሏል» አለች ማናልሞሽ። «አባትሽ ከፍለዋል።»